በመቅደስ የተዘረጋ ደብዳቤ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከአገራችን ወጥተን በባዕድ ምድር የምንኖር ሁሉ ደብዳቤን እንፈራለን። በአገራችን ሳለን ደብዳቤ የናፍቆት ማስታገሻ ነበረ፤ ፖስታው ገና ሳይከፈት ይሳማል፥ ከተነበበም በኋላ በመጽሐፍ መካከል ይቀመጣል። እዚህ ግን የፖስታ ሣጥኑን ስንከፍት እጃችን ይንቀጠቀጣል። አንዱ ስለ መኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው የሆስፒታል ዕዳ ነው፤ ሦስተኛው የቤት ኪራይ ማስጠንቀቂያ ነው። በፖስታ ያልመጣውም በስልክ ይመጣል። ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት የአገር ቤት ቁጥር ሲደውል ገና ሳናነሣው ልባችን ይመታል፤ በዚያ ሰዓት የሚመጣው ወሬ ብዙ ጊዜ የምሥራች አይደለምና።

ስለዚህ በዚህ እትም፥ እንዲህ ያለ አስፈሪ ደብዳቤ ደርሶት ምን እንዳደረገበት መጽሐፍ ቅዱስ የመሰከረለትን አንድ ሰው እናስታውሳለን። እርሱም የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ ነው። ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት (2ኛ ነገ. 18-20)፥ እንዲሁም በትንቢተ ኢሳይያስ (36-39) ተጽፎ ይገኛል።

በደጉ ንጉሥ ላይ የመጣ መከራ

ሕዝቅያስ የጣዖቱን መስገጃ አፍርሶ ሕዝቡን ወደ እግዚአብሔር አምልኮ የመለሰ ደግ ንጉሥ ነበረ። እንዲህ ያለውን ሰው መከራ አያገኘውም ብለን እናስብ ይሆናል። ነገር ግን በነገሠ በ14ኛው ዓመት፥ ይኸውም የታሪክ ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት በፊት 701 ብለው በሚቈጥሩት ዓመት፥ የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም በይሁዳ ላይ ዘመተ፤ የተመሸጉትንም ከተሞች ያዘ። ሰናክሬም ራሱ በሸክላ ላይ ባስቀረጸው ታሪኩ የያዛቸው የተመሸጉ ከተሞች 46 እንደ ነበሩ ይናገራል።

እንግዲህ መከራ ሲያገኘን «ምን በድለን ይሆን? እግዚአብሔር ትቶን ይሆን?» የምንል ወገኖች፥ ይህን ልብ እንበል። መከራው የመጣው ንጉሡ መቅደሱን ካደሰ በኋላ ነው እንጂ መቅደሱ በተዘጋበት ዘመን አይደለም። ንስሐ ገብተው፥ ቆርበው፥ ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግሉ ሳለ መከራ የደረሰባቸው ሰዎች የሕዝቅያስ ወንድሞች ናቸው።

ሕዝቅያስ በመጀመሪያ ያደረገው እኛም ሁላችን የምናደርገውን ነው፤ መከራውን በገንዘብ ሊያስወግደው ሞከረ። ሰናክሬም 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ጠየቀው። ንጉሡም የቤተ መንግሥቱንና የቤተ መቅደሱን ብር ሁሉ ሰጠ፤ አልበቃ ቢለውም የመቅደሱን ደጆች ወርቅ ልጦ ሰጠ (2ኛ ነገ. 18፥14-16)። ነገር ግን ሰናክሬም ወርቁን ተቀብሎ ሠራዊቱን ደግሞ ላከ። እኛስ ከመቅደሱ ደጅ ስንት ጊዜ ወርቅ ልጠናል? አንድ ተጨማሪ ሥራ ብንይዝ ጭንቀታችን ይቀልልናል ብለን ሰንበትን ሰጠን፤ ቀጥሎም የጸሎታችንን ሰዓት፥ ቀጥሎም ከልጆቻችን ጋር የምንቀመጥበትን ማታ ሰጠን። ጭንቀቱ ግን ሁሉን ተቀብሎ ደግሞ መጣ። መሥራት ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም፤ በአገር ቤት ያሉ ወላጆቻችን የሚጦሩት በዚሁ ላባችን ነው። የምንለው፥ ሰውን የሚደግፈውን ነገር ሸጦ ሸክምን ማስወገድ አይቻልም ነው።

በአፍ መፍቻ ቋንቋችን የሚናገር ፍርሃት

ከዚህ በኋላ የሰናክሬም መልእክተኛ ራፋስቂስ በኢየሩሳሌም ቅጥር አጠገብ ቆሞ በታላቅ ድምፅ ተናገረ። የንጉሡ ሹማምንት ሕዝቡ እንዳይሰማ በሶርያ ቋንቋ እንዲናገር ለመኑት፤ እርሱ ግን ሆነ ብሎ ሕዝቡ በሚሰማው በአይሁድ ቋንቋ ጮኸ። አምላካችሁ አያድናችሁም፤ የሌሎቹን አሕዛብ አማልክት ማን አዳናቸው? እያለ ተሳለቀ።

ጭንቀትም ጠባዩ እንዲሁ ነው። ቀን በሰው ቋንቋ ስንሠራ ውለን፥ በሰው ቋንቋ ስንስቅ አምሽተን፥ ማታ መብራት አጥፍተን ስንተኛ ፍርሃት በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ይናገረናል። «እናትህን ሳታያት ትሞታለች። ልጆችሽ ቋንቋሽን ረስተው ያድጋሉ። እዚህ ብትሞት ማን ይቀብርሃል?» ይለናል። ይህን ድምፅ ያልሰማ ስደተኛ የለም።

ሕዝቡ በቅጥሩ ላይ ሆነው ዝም አሉ፤ አንዳች እንዳይመልሱ ንጉሡ አዝዞ ነበርና። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። ከፍርሃት ጋር በሌሊት ክርክር የገጠመ ሰው አያሸንፍም። መልስ የሚሰጠው ሌላ ነውና እኛ ፊታችንን ከቅጥሩ ወደ መቅደሱ እንመልስ።

ደብዳቤው የት ተወሰደ?

ሕዝቅያስ ይህን በሰማ ጊዜ ልብሱን ቀደደ፥ ማቅም ለበሰ። ንጉሥ ነኝና ሕዝብ ፊት አላዝንም አላለም። ቀጥሎም ሽማግሌዎቹን ወደ ነቢዩ ኢሳይያስ ልኮ መጨነቁን ሳይሸሽግ ነገረው፤ ጸሎትም ለመነ። ከዚያም የሰናክሬም ዛቻ በጽሑፍ ሆኖ መጣለት። ሕዝቅያስ ደብዳቤውን ከመልእክተኞቹ እጅ ተቀብሎ አነበበው። ወደ እሳት አልጣለውም፤ ከአልጋው ሥርም አልሸሸገውም። ይዞት ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጣ፤ በዚያም በአምላኩ ፊት ዘርግቶ አኖረው (2ኛ ነገ. 19፥14)።

ምእመናን ሆይ! እግዚአብሔር ደብዳቤውን ሳይዘረጋለት ማንበብ የማይችል ሆኖ ነውን? አይደለም። መዘርጋት ያስፈለገው ለሕዝቅያስ ነው። የታጠፈ ደብዳቤ የእኛ ብቻ ነው፤ የተዘረጋ ደብዳቤ ግን ሁለት ሆነን የምናየው ነው። በመዝሙረ ዳዊት 54፥22 ሸክማችንን በእግዚአብሔር ላይ እንድንጥል የታዘዝነው፥ ሐዋርያው ጴጥሮስም ያንኑ ቃል በመልእክቱ የደገመው (1ኛ ጴጥ. 5፥7) ስለዚህ ነው። ደግሞም የመዝሙሩን ተስፋ በጥንቃቄ እንመልከት፤ ሸክሙ ይጠፋል አይልም፥ ሸክሙን የጣለው ሰው ይደገፋል ይላል እንጂ።

ጸሎቱንም ስናየው፥ ሕዝቅያስ የጀመረው ከሰናክሬም አይደለም፤ ሰማይንና ምድርን ከፈጠረው ከእግዚአብሔር ጀመረ። ይሁን እንጂ ችግሩን አላቃለለውም። የአሦር ነገሥታት አሕዛብን በእውነት እንዳጠፉ በጸሎቱ መካከል መሰከረ። እምነት ማለት መከራን ትንሽ ነው ማለት አይደለም። እምነት ማለት የመከራውን ልክ ሳይቀንሱ፥ ከመከራው የሚበልጠውን ጌታ በመከራው ላይ መጥራት ነው።

በእኛ መካከል የሆነው

አሁን ስለ ራሳችን እንናገር፤ የምንናገረውም ጥፋታችንን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰበካችን አንድ ወንድም ነበረ። በየሰንበቱ ከሁሉ አስቀድሞ መጥቶ፥ በኪራይ በምንገለገልበት አዳራሽ ምንጣፍ የሚያነጥፍ፥ ቅዳሴው ሲፈጸምም ሁሉን ወደ ቦታው የሚመልስ ትጉህ ሰው ነው። «እንደ ምን ሰነበትህ?» ስንለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይለናል፤ እኛም «አሜን» ብለን እናልፋለን። በኮቱ የውስጥ ኪስ ግን የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አጥፎ ይዞ ነበር። ሦስት ሰንበት ያንን ደብዳቤ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣ፤ ሦስት ሰንበትም ይዞት ተመለሰ።

በአራተኛው ሰንበት ጸበል ጻድቅ የሚያቀርቡ አንዲት እናት ምግቡን እንዳልነካ አይተው፥ «ልጄ፥ ምን ሆነሃል?» አሉት።

«ምንም አልሆንሁም፥ እማማ። እግዚአብሔር ይመስገን» አላቸው።

«እርሱማ ዘወትር ይመስገን። እኔ የጠየቅሁት አንተን ነው» አሉት።

ያን ጊዜ ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ በሳሕኖቹ መካከል ዘረጋው። የአገሩን ቋንቋ በሚገባ የምታውቅ አንዲት እኅት ስታነበው፥ ይግባኝ ሊባልበት የቀረው ጊዜ አራት ቀን ብቻ ሆኖ ተገኘ። በማግሥቱ ጠበቃ ተፈለገ፤ ይግባኙም በጊዜው ገባ። ጉዳዩ እስኪቋጭ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ፤ በመጨረሻም ተፈቀደለት። እርሱ ግን እስከ ዛሬ የሚናገረው ስለ ፈቃዱ ሳይሆን ስለዚያች ሰንበት ነው። «ያን ቀን ደብዳቤው አልተለወጠም፤ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ» ይላል።

ሦስት ሰንበት አሜን ብለን ያለፍን እኛ ነን። «እግዚአብሔር ይመስገን» ከአፋችን የማይጠፋ ቅዱስ ቃል ነው፤ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ነገር ግን ምስጋናውን መጋረጃ አድርገነዋል። የተጠየቀው ሰው ሸክሙን ይሸሽግበታል፤ የጠየቀውም ሰው መልሱን ከመስማት ይድንበታል። ሐዋርያው ጳውሎስ አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም አዝዟል (ገላ. 6፥2)። ብዙ ጊዜ እግዚአብሔር ሸክማችንን የሚቀበልበት እጅ በአጠገባችን የተቀመጠው ሰው እጅ ነው። ንጉሡ ኢሳይያስን ፈለገ፤ እኛም የንስሐ አባት የተሰጠን ኃጢአታችንን ብቻ ሳይሆን ጭንቀታችንንም ልንነግረው ነው።

ከዓለቱ በሁለት ወገን

«በእግዚአብሔር ታመንሁ» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ቢኖር፥ ሕዝቅያስ ይህን አላደረገም። ከበባው ከመምጣቱ በፊት ቅጥሩን አደሰ፤ ከከተማው ውጭ ያሉትን ምንጮች ደፈነ፤ የግዮንንም ምንጭ ውኃ ወደ ከተማው ውስጥ መለሰው (2ኛ ዜና 32፥2-5፤ 30)። ይህ ምንጭ ስሙ ከዓባያችን ከግዮን ጋር አንድ የሆነ፥ በኢየሩሳሌም የሚገኝ ምንጭ ነው። በሕዝቅያስ ዘመን እንደ ተቈፈረ የሚነገርለት የውኃ መተላለፊያ ዛሬም አለ፤ በዓለት ውስጥ 533 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ1880 እ.ኤ.አ. በግድግዳው ላይ የጥንት ጽሑፍ ተገኘ። ጽሑፉ እንደሚተርከው ቈፋሪዎቹ ከሁለት ወገን ጀምረው እየተቀራረቡ መጡ፤ ሊገናኙም ጥቂት ክንድ ሲቀራቸው አንዱ የሌላውን ድምፅ በዓለቱ ውስጥ ሰማ።

በእግዚአብሔር ተማምኖ መሥራት ይህን ይመስላል። እኛ በጨለማ ውስጥ ከወገናችን በኩል እንቈፍራለን፤ ጠበቃ እንፈልጋለን፥ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፥ ቋንቋ እንማራለን፥ ዕዳችንን ጥቂት በጥቂት እንከፍላለን። በዚያኛው ወገን ደግሞ የእግዚአብሔር ቸርነት ወደ እኛ እየመጣች ነው። ጸሎት የምንለው ዓለቱ ገና ሳይበሳ ድምፅዋን የምንሰማበት ሰዓት ነው። ያለ ጸሎት የሚቈፍር አቅጣጫውን ይስታል፤ ሳይቈፍር የሚጸልይም ጆሮውን ወደ ዓለቱ አላስጠጋም።

መልሱ ሲዘገይ፥ መልሱም ሌላ ሲሆን

የሰናክሬም ሠራዊት በአንዲት ሌሊት እንደ ተመታ ሁላችን እናውቃለን። ሰናክሬምም በዚያ ሁሉ ትምክሕቱ ኢየሩሳሌምን ያዝሁ ብሎ በታሪኩ አላስጻፈም። የማናስታውሰው ግን ኢሳይያስ ለንጉሡ የሰጠውን ምልክት ነው። በዚያ ዓመት ሳይዘሩት የበቀለውን፥ በሁለተኛው ዓመት ከዚያው የሚበቅለውን እንደሚበሉ፥ ዘርተው የሚያጭዱት ግን በሦስተኛው ዓመት እንደ ሆነ ነገረው (2ኛ ነገ. 19፥29)። ጠላት በአንድ ሌሊት ሄደ፤ እርሻው እስኪያገግም ግን ሦስት ዓመት ፈጀ። ከመከራ ከወጣን በኋላም ገና ልባችን ያልተጠገነልን ሰዎች በዚህ እንጽናና። ሳይዘሩ የበቀለውን እየበሉ መክረምም የእግዚአብሔር ሲሳይ ነው።

ደግሞም ጸሎት ሁሉ ሕዝቅያስ በጸለየው መንገድ አይፈጸምም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ የስልክ መስመር በተቋረጠ ጊዜ፥ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያም በአማራ ክልል የኢንተርኔት መስመር በተዘጋ ጊዜ፥ በአንድ ቅዳሴ አጠገብ ለአጠገብ ቆመው የወላጆቻቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ወራት ያሳለፉ ነበሩ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ መስመሩ ሲከፈት የናፈቁትን ድምፅ ሰሙ፤ አንዳንዶቹ ግን መርዶ ሰሙ። ከእኛም አንዲት እኅት እናቷ ካረፉ ከብዙ ወራት በኋላ ነበር የተረዳችው። ስትጸልይላቸው የነበረችው በሕይወት እንዳሉ አስባ ነው። «ያ ሁሉ ጸሎት ወዴት ሄደ?» ብላ ጠየቀችን፤ ፈጥነን የምንመልስላት አልነበረንም። ከእርሷ ጋር ተቀምጠን አለቀስን።

ዛሬ ግን ይህን እንላለን። ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልተወሰደለትም፥ የሚችልበት ጸጋ ተሰጠው እንጂ (2ኛ ቆሮ. 12፥7-9)። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለሰውነቱ በሚገባ ጸሎት ለመነ፤ ጽዋውን ጠጣው፥ በዚያም እኛ ዳንን። እንግዲህ እግዚአብሔር የጸለይነውን ጸሎት አይጥልም። እናቲቱ በዚያ ወራት በልጃቸው ጸሎት ተከበው ነበር፤ ልጅቱ በሕይወት አሉ ብላ ስትጸልይ፥ እግዚአብሔር ሕያዋንንም ያረፉትንም በአንድ እጁ ይዞ ይሰማት ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን በቅዳሴዋ ለሕሙማንና ለመንገደኞች፥ ላረፉትም አንድ ላይ የምትለምነው በእርሱ ዘንድ የሚቋረጥ መስመር ስለሌለ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ እያንዳንዳችን የታጠፈውን ደብዳቤያችንን እናውጣ። የመሥሪያ ቤት ወረቀት ቢሆን፥ የሐኪም ቃል ቢሆን፥ ለማንም ያልነገርነው የትዳር ኀዘን ቢሆን፥ ማታ በሥዕለ አድኅኖው ፊት ስንቆም በስሙ ጠርተን እንንገረው። «ጌታ ሆይ፥ ችግሬን ታውቃለህ» ብሎ ማለፍ ሳይዘረጉ መመለስ ነው።

ሁለተኛ፥ ለንስሐ አባታችን ወይም ለአንድ የታመነ ወንድም ወይም እኅት እንንገር። ሦስተኛ፥ ለዛሬ በእጃችን ያለውን ሥራ እንሥራ፤ የነገውን ጭንቀት ጌታችን ለነገ እንድንተወው አስተምሮናል (ማቴ. 6፥34)።

አራተኛ፥ በሚቀጥለው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰው «እንደ ምን ሰነበትህ?» ብለን ስንጠይቅ «እግዚአብሔር ይመስገን» ቢለን፥ አሜን ብለን እዚያው እንቆይ። እኚያ እናት እንዳደረጉት ሁለተኛ ጊዜ እንጠይቅ። በዚህ ሰበካ ደብዳቤውን ይዞ መጥቶ ይዞት የሚመለስ ሰው ከእንግዲህ አይኑር።

የሕዝቅያስን ጸሎት የሰማ አምላክ፥ በየስደት አገሩ ያለነውን ሁሉ ያስበን። የተጨነቁትን ያረጋጋ፥ የታመሙትን ይፈውስ፥ ያዘኑትን ያጽናና፥ ያረፉትን ነፍሳቸውን ይማር፤ ለአገራችንም ሰላሙን ይስጥልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።